የመስክ ጉዞን ስለ ማስቀነስ፦ በአዋጁ ዝምታና በውሎ አበል መካከል

ዘወትር መስክ የሚወጣ ሠራተኛ ሕፃን ልጅ ወይም አልጋ ላይ የዋለ ወላጅ በቤቱ ሲኖር፣ ጉዞው እንዲቀነስለት አሠሪውን በምን መሠረት ሊጠይቅ ይችላል? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንጻር ይመረምራል። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ አዋጅ ስለሚተዳደሩ እዚህ አልተካተቱም።

አዋጁ በአንቀጽ 87 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከቋሚ የሥራ ቦታዋ ውጭ እንዳትመደብ ይከለክላል። ይህ ጥበቃ ግን የእርግዝና ጥበቃ እንጂ የእናትነት አይደለም። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃዷን ጨርሳ የተመለሰች እናት በማግስቱ የሁለት ሳምንት መስክ ብትታዘዝ፣ ይህንኑ ድንጋጌ መጥቀስ አትችልም። ለአባት የተፈቀደው ደግሞ 3 ተከታታይ ቀናት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸው ወንዶችም ሴቶችም ሥራና ቤተሰብ በተቻለ መጠን ሳይጋጩባቸው እንዲሠሩ ማስቻልን የአገሮች የፖሊሲ ዓላማ ያደርጋል። «በተቻለ መጠን» የሚለው ሐረግ ግን ስንት ጉዞ እንደሚበዛ አይናገርም። ስለዚህ ዋናው መንገድ ድርድር ነው።

በእኛ አገር ድርድሩን የሚያወሳስበው፣ ብዙ ጊዜም በግልጽ የማይነሣው ጉዳይ የውሎ አበል ነው። መስክ ድካም ብቻ ሳይሆን ገቢም ነውና ጉዞ የሚቀነስለት ሠራተኛ የወር ወጪውን አስቀድሞ ማስላት አለበት። በአንጻሩ ይኸው አበል የጠያቂውን አቋም ያጠናክራል፤ አሠሪው «ሸክሙን በማን ላይ ልጣለው?» ሲል፣ ተራውን በደስታ የሚረከብ የሥራ ባልደረባ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ፈቃደኛውን ሰው አስቀድሞ አነጋግሮ የሚቀርብ ጠያቂ ችግሩን ከነመፍትሔው ይዞ ገባ ማለት ነው።

የጥያቄው መለኪያም ሊታሰብበት ይገባል። በእኔ ግምት መቆጠር ያለበት ጉዞው ሳይሆን አዳሩ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ በዕለቱ መመለስና ጋምቤላ አሥር ቀን መሰንበት በሪፖርት ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ጉዞ ተብለው ይመዘገባሉ፤ ለሚያጠባ ልጅ ግን አንድ አይደሉም። «ጉዞ ይቀነስልኝ» ከማለት ይልቅ «እስከ ሰኔ ድረስ በወር ከሦስት አዳር የማይበልጥ» ማለት አሠሪው ሊመዝነው፣ ሊቀበለው ወይም ቁጥሩን ሊከራከርበት የሚችል ሐሳብ ነው።

ስምምነት ላይ ከተደረሰ በጽሑፍ መስፈር አለበት። አንቀጽ 15 የሥራ ውል ሁኔታዎች በተዋዋዮቹ የጽሑፍ ስምምነት ሊሻሻሉ እንደሚችሉ ይደነግጋል፤ በቃል የተገኘ መግባባት አለቃው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። ሰነዱ የአዳሩን ጣሪያ፣ የሚጸናበትን ጊዜና እንደገና የሚታይበትን ቀን ቢይዝ ይበቃል። ያው አንቀጽ የኅብረት ስምምነትንም እንደ ማሻሻያ መንገድ ያውቃል። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ድርጅት የአዳር ጣሪያው በዚያ ሰነድ ቢገባ፣ እያንዳንዱ ወላጅ የቤቱን ችግር በአለቃው ፊት ለብቻው መዘርዘር አይኖርበትም።