ከርጭቱ በኋላ ግድግዳው ምን ሆነ?

በዚህ ሴሚስተር ስለ ጤና ዘገባ ስንማር መምህራችን «ከምታውቁት ነገር ጀምሩ» አሉን። እኔ የማውቀው ወባን ነው። የቆቦ ልጅ ወባን ሳያውቅ አያድግም።

እንደሚታወቀው ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው የአኖፌሊስ ትንኝ ሴቷ ናት። በአገራችን ዋነኛዋ አኖፌሊስ አራቢየንሲስ የምትባለው ስትሆን ከሰውም ከከብትም ደም ትጠጣለች። ከብቱን ከቤቱ አጠገብ ለሚያሳድር የራያ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታዲያ ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ መብረር ስለሚከብዳት ብዙ ጊዜ ቅርብ ያገኘችው ግድግዳ ላይ ታርፋለች። የቤት ውስጥ ርጭት የታሰበው ለዚህች ዕረፍት ነው። ኬሚካሉ ትንኟን እያሳደደ አይገድልም፤ ግድግዳው ላይ ሆኖ ይጠብቃታል።

ይህ ዘዴ በኢትዮጵያ ሲጀመር ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው አገር መሆኑን ያወቅሁት ገና ዘንድሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቆቦ-ጨርጨር፣ ደምቢያ፣ አዋሽ ሸለቆና ጋምቤላ የወባ ቁጥጥር የሙከራ ቦታዎች ሆነው ዲዲቲ ተረጭቶባቸዋል። በ1958 ደግሞ ወባ ወደ ደጋው ጠርዝ ሳይቀር ወጥቶ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። በዓመቱ፣ በ1959፣ ወባን ለማጥፋት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ዲዲቲ ለብዙ ዓመታት ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆይቶ ትንኟ ስለተላመደችው በሌሎች ኬሚካሎች ተተካ። (በአያቶቻችን ቤት የተጀመረ ነገር ሆኖ ሳለ እኔ በትምህርት ቤት አንድም ቀን ሲነሳ አልሰማሁም!)

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ረጪዎቹ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እኛ ቤት መጡ። ዕቃውን ሁሉ ደጅ አወጣን፣ ረጩና ሄዱ። ግድግዳው ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነገር ቀረ። ሶለል ደርሷል፣ ዘመን መለወጫም እየመጣ ነው። እናቴ ጭቃና እበት ለውሳ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ለቀለቀችው። ውኃውን የቀዳሁትም፣ እበቱን የሰበሰብኩትም እኔ ነኝ። ጥቅምት ላይ ታናሽ ወንድሜ በወባ ተኛ። በልቅለቃው ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ አንድ ቤት ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን በተረጨ ግድግዳ ላይ የሚመረግ ጭቃ ኬሚካሉን እንደሚሸፍነውና ትንኟ ያለ ስጋት እንድታርፍ እንደሚያደርጋት አሁን ተምሬያለሁ።

ነገሩ የቀን መቁጠሪያ ነገር ነው። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ርጭቱም ከዚያ ቀደም ብሎ እንዲያልቅ ይፈለጋል። ቤት የሚለቀለቀውም በዚያው ሰሞን ነው፤ ሶለል፣ ዘመን መለወጫ፣ መስቀል ተከታትለው ይመጣሉና። እኛ ጋዜጠኞች (ለመሆን የምንማር ማለቴ ነው) የምናቀርበው ዜና ግን ይህን ያህል ሺህ ቤት ተረጨ የሚል ነው። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። መስቀል ሲደርስ ከእነዚያ ቤቶች የስንቱ ግድግዳ እንደተረጨ ቆየ ብሎ ግን ማን ጠየቀ?

ጉዳዩ የድሮ ታሪክም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2024 ብቻ፣ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ፣ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ርጭት ብቻውን ይህን ይመልሳል እያልኩ አይደለም፤ አጎበሩም መድኃኒቱም አለ። የተረጨው እንኳ በከንቱ እንዳይቀር ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያኔ ከርጭቱ በኋላ ቤቱን ለምን ለቀለቅሽው?»

«ታዲያ በዓመት በዓል ግድግዳዬ ተዥጎርጉሮ ሰው ይግባብኝ?»

«አትለቅልቁ አላሏችሁም?»

«ዕቃ አውጡ ነው ያሉን። ሌላ የሰማሁት የለም። የሚመጡበትን ቀን ቀድመው ቢነግሩኝማ ከዚያ በፊት ለቅልቄ እጠብቃቸው ነበር።»

ለክረምት ወደ ቆቦ ስመለስ የመጀመሪያ ጥያቄዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ረጪዎቹ የሚመጡበት ቀን ለእናቶች የሚነገረው ስንት ቀን ሲቀረው ነው?