በዓል ሲመጣ ድመቴ ለምን ትደበቃለች?

ጥያቄ፦ በፋሲካ ዋዜማ ድመቴ አልጋ ሥር ገብታ እስከ ማግስቱ አልወጣችም። ዶሮ ወጥ ባቀርብላትም አልነካችውም። ታማብኝ ይሆን?

መልስ፦ ወጡን አለመንካቷስ እሰየው ነው! ችግሩ በርበሬው ብቻ አይደለም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ምንም ያህል ቢቁላሉ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል፦ ድካም፣ የድድ መገርጣት፣ የሽንት መጥቆር። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ካላካፈልኳት አይሆንልኝም ካሉ፣ ወጡ ውስጥ ሳይገባ በውኃ ብቻ ከተቀቀለ ሥጋ ቆንጠር አድርገው ይስጧት።

መደበቋ ግን በሽታ አይመስለኝም። የሰው ጆሮ 20,000 ኸርትዝ ገደማ ላይ ሲያበቃ የእሷ ከ60,000 ያልፋል። ርችቱ፣ ግቢ የታሰረው በግ፣ የእጣኑ ጭስ፣ በር የሚያንኳኳው ዘመድ አዝማድ፣ ሁሉም ባንዴ መጣባት። ጎትተው አያውጧት፤ ውኃዋንና ምግቧን ጸጥ ወዳለው ክፍል ያስጠጉላት። የተጎዘጎዘውን ቄጤማ አኝካ ብታስመልስም አይደንግጡ፤ ሣር ማኘክ የድመት ወግ ነው። ሙሉ ቀን እህል ካልቀመሰች ግን ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩዋት።