የመጀመሪያዎቹ አርባ ዶቃዎች

ፖሊመር ሸክላ ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ አፈር የለበትም። ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ፣ ከሚያለሰልስ ዘይት መሰል ፈሳሽና ከቀለም የሚሠራ ነው። አየር ላይ ቢያድር አይደርቅም፤ የሚጠነክረው በሙቀት ነው። ስለዚህ ያልወደዱትን ቅርጽ አፍርሰው ደጋግመው መሥራት ይችላሉ። ጀማሪን ቅርጹ ያስጨንቀዋል፤ ብዙውን ዶቃ የሚያበላሹት ግን በወጉ ያልታሸ ሸክላና ያልተለካ ሙቀት ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ፊሞ ወይም ስካልፒ ፕሪሞ የተባለ ፖሊመር ሸክላ፣ ባለ 57 ግራሙ፣ ከነጭና ከቀይ አንድ አንድ ጥቅል
• ለመሥሪያ የሚሆን ለስላሳ የሴራሚክ ንጣፍ (ጥሬው ሸክላ ቀለም የተቀባ ጠረጴዛ ያበላሻል)
• ምላጭ፣ ማስመሪያ፣ ወስፌ ወይም ስቴኪኒ
• ቀጭን የብረት ሽቦ፣ የኦቨን ቴርሞሜትር
• ባለ 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት
• ጠንካራ የናይለን ክር

አሠራር

1. ማሸት። እጅዎን ታጥበው ከነጩ ይጀምሩ፤ ቀዩ ከቀደመ እጅዎ ላይ ቀርቶ ነጩን ያቆሽሸዋል። ሩብ ሩቡን እየቆረሱ በመዳፍዎ ያሙቁ፣ ይጫኑ፣ ይጠፉ፣ ደግመው ይሹ። ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ገና ነው፤ ሳይሰነጠቅ እንደ ሊጥ ከታጠፈ ደርሷል። ሲያጥፉ አየር እንዳይቋጥር ጫን ጫን ያድርጉት፤ የታፈነ አየር ኦቨን ውስጥ ዶቃውን ያሳብጠዋል።

2. ቀለም ማዋሃድ። ከሁለቱም ቀለም ቀጫጭን ዘንግ አድበልብለው እንደ ገመድ ያክርሯቸው፤ አንድ ሁለቴ አጥፈው ደግመው ያክርሩ። መስመሮቹ ተለይተው እየታዩ ያቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ ሁሉም ሮዝ ይሆናል።

3. እኩል መቁረጥ። ሸክላውን 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ አድርገው አድበልብለው በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ይቁረጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ድቡልቡል ይወጣዋል፤ 40ዎቹ 45 ሳንቲ ሜትር ለሚጠጋ የአንገት ጌጥ ይበቃሉ።

4. ማድቦልቦል። ቁራጩን በሁለት መዳፍዎ መካከል መጀመሪያ ጠበቅ አድርገው፣ ከዚያ እየላላ በሚሄድ እጅ ያዙሩት። ጠበቁ ስንጥቁን ይዘጋል፤ ላላው ፊቱን ያለሰልሳል።

5. መብሳት። ዶቃዎቹን ፍሪጅ ውስጥ 15 ደቂቃ ያቆዩ፤ ሲጠነክሩ ቅርጻቸውን ይጠብቃሉ። ወስፌውን በኃይል ሳይገፉ እያዞሩ ያስገቡ። ጫፉ በሌላው በኩል ብቅ ሲል አውጥተው ከዚያኛው ወገን ይብሱት፤ አፉ አይቀደድም።

6. መጋገር። ዶቃዎቹን እንዳይነካኩ ሽቦ ላይ ሰክተው በመጥበሻ ከንፈር ላይ ያንጠልጥሏቸው፤ ጎናቸው ጠፍጣፋ አይሆንም። ፊሞ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ፣ ፕሪሞ በ130 ዲግሪ ለእያንዳንዱ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት 30 ደቂቃ ይጋገራል። የኦቨኑን ቁልፍ አይመኑ፤ ቴርሞሜትሩን ይመኑ። ሸክላው ከተቃጠለ ዓይንና ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጭስ ካዩ ኦቨኑን አጥፍተው መስኮት ይክፈቱ። ማይክሮዌቭ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ሸክላ የነካውን ዕቃም ወደ ምግብ አይመልሱት።

7. መፈተሽ። ከዶቃዎቹ ጋር አንድ ቀጭን ቁራጭ አብረው ይጋግሩ። ትኩስ ሳለ መለስለሱ አያስደንግጥዎ። ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ሲያጥፉት ከጎበጠ በስሏል፤ ቀጭ ካለ ዶቃዎቹን መልሰው ይጋግሩ፣ ምንም አይሆኑም።

8. ማስዋብ። አቧራው እንዳይበን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ከ400 ጀምረው እስከ 1000 በየተራ ይፈግፍጉ። ሲደርቁ በጂንስ ጨርቅ ቢያሹአቸው ያበራሉ። የጥፍር ቀለም አይቀቡ፤ ሸክላውን አለስልሶ ያጣብቀዋል። ከዚያ በክር ሰክተው ቋጠሮውን ያጥብቁ።

የተረፈውን ሸክላ ከፀሐይ አርቀው በፌስታል ጠቅልለው ያስቀምጡ። ቴርሞሜትሩ ያሳየውን ዲግሪና የፈጀውን ደቂቃ ደግሞ ማስታወሻ ላይ ይጻፉ። ኦቨን ሁሉ የራሱ ጠባይ አለው፤ የራስዎን አንዴ ካወቁት ቀጣዮቹ አርባ ዶቃዎች ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ይቀልላሉ።