ከመንገድ የተመለሰው አገልጋይ

አንባቢ ሆይ፥ ወድቀህ እንደ ሆነ፥ ከእንግዲህ ለእግዚአብሔር ሥራ አልረባም ብለህ ከምእመናን ማኅበር አትራቅ። ማርቆስ የተባለውን ዮሐንስን አስብ። ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለወንጌል ሥራ ወጥቶ ሳለ፥ በጵንፍልያ ትቶአቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (የሐዋ. 13፥13)። ኋላም ጳውሎስ ሊወስደው አልወደደም፤ ስለ እርሱም ሁለቱ ተለያዩ። በርናባስ ግን ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ (የሐዋ. 15፥39)። ከብዙ ዘመን በኋላ ጳውሎስ በእስራት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፥ ያንኑ ማርቆስን እንዲያመጣለት አዘዘው፤ በአገልግሎቱ የሚረዳው ሰው ሆኖ አግኝቶታልና (2ኛ ጢሞ. 4፥11)።

ጸጋ ስሕተትን መልካም ነው አይልም፤ የተሳሳተውን ግን አይጥልም። እንግዲህ የወደቅህ ሆይ፥ ንስሐ ገብተህ ወደ ተውኸው ሥራ ዛሬ ተመለስ። ያልወደቅህም ሆይ፥ ለወደቀው ወንድምህ እንደ በርናባስ ሁንለት።