ጣቢያ በሌለበት ማሳ የዕለት ሙቀትን መገመት

በሐረር ዙሪያ የአየር ጠባይ ጣቢያ ለሌለው ማሳ የጎረቤት ጣቢያዎችን ልኬት፣ ለቅርቡ የበለጠ ክብደት ሰጥቶ፣ ማማከል ይቻላል። ነገር ግን ከፍታ መዘንጋት የለበትም። ድሬዳዋ 1,200፣ ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ሁለቱን እንዲያው ማማከል ለሐረር የማይሆን ሙቀት ይሰጣል። ከፍታ በ100 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሐረማያ 18 ዲግሪ ሲመዘገብ፣ በባቢሌ በኩል 300 ሜትር ዝቅ ያለ ማሳ 19.8 ዲግሪ ይገመታል። ጥርት ባለ ሌሊት ግን ብርድ ሸለቆ ውስጥ ስለሚተኛ ስሌቱ አይታመንም።

የፀሐይ ጨረር መለኪያ ከሌለ ፀሐይ የታየችበትን ሰዓት ቆጥሮ መገመት ይቻላል።

ዝናብ ግን አንዱን ሸንተረር አርሶ ሌላውን ደረቅ ይተዋል። በግምት ዝናብ ተማምኖ ማሽላ የዘራ ገበሬ ዘሩን ያጣል። ስለዚህ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከቤት ራቅ አድርጎ መትከል፣ የውሃውንም ጥልቀት በየጧቱ በ3 ሰዓት በሚሊሜትር ለክቶ መመዝገብና መድፋት ይገባል።