ሟሙቶ የሚያመልጥ ሚቴን፦ የአየር-አልባ ፍሳሽ ማጣሪያ ያልተዘጋ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1914 አርደርን እና ሎኬት የተባሉ ተመራማሪዎች በማንቸስተር ያስተዋወቁት የነቃ ዝቃጭ ዘዴ ለአንድ ምዕተ ዓመት የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ መሠረት ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ዘዴ ፍሳሹ ውስጥ አየር ሲነፋ ረቂቅ ተሕዋስያን ኦርጋኒክ ቆሻሻውን እየተመገቡ ይራባሉ፤ ከዚያም ይዘቅጣሉ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ጣቢያው ከሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይል ግማሽ ያህሉ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ አየር ለመንፋት ይውላል።

በ1970ዎቹ በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ጋትዜ ሌቲንጋ እና ባልደረቦቻቸው ነፊውን አስቀርተው ሌላ መንገድ ተከተሉ። በምኅጻረ ቃል ዩኤኤስቢ በሚባለው ማብላያ ፍሳሹ ከታች ገብቶ ጥቅጥቅ ባለ የዝቃጭ ንብርብር መካከል ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ተሕዋስያኑ ያለ ኦክስጅን ቆሻሻውን ወደ ሚቴን ይለውጣሉ፤ ከላይ ያለው መለያ ጋዙን፣ ውኃውንና ዝቃጩን ይለያል። ሌቲንጋ ፈጠራውን በፓተንት አላጠሩትም። ዘዴው በ1980ዎቹ በኮሎምቢያ ካሊ እና በሕንድ ካንፑር በከተማ ፍሳሽ ላይ ተፈትኖ በሞቃት አገሮች ተስፋፋ። ናይትሮጅንንም ሆነ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን በበቂ ሁኔታ ስለማያስወግድ ግን ተከታይ ማጣሪያ ያሻዋል።

የአዲስ አበባው የቃሊቲ ጣቢያ የተነደፈው በዚሁ መርሕ ነው፦ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የመቀበል አቅም አለው፤ ከማብላያዎቹ በኋላም ፍሳሹ በማንጠባጠቢያ ማጣሪያ ያልፋል። ለኃይል ቁጠባ ምርጫው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በሥነ ጽሑፉ ለረጅም ጊዜ ችላ የተባለ አንድ ቀዳዳ አለ። ከሚመረተው ሚቴን ከፊሉ ወደ ጋዝ መሰብሰቢያው ሳይደርስ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ይወጣል፤ ውኃው በቀዘቀዘ ቁጥርም የሚሟሟው ይጨምራል።

መጠኑን በግርድፉ ማስላት ይቻላል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስና በባሕር ጠለል ግፊት ንጹሕ ሚቴን በሊትር 24 ሚሊ ግራም ያህል ይሟሟል። የባዮጋዙ ሦስት አራተኛ ሚቴን ቢሆንና ከፍታው የአየር ግፊቱን ወደ 0.77 ቢያወርደው 14 ሚሊ ግራም ገደማ ይቀራል። ከፍታው እዚህ ላይ ባለውለታ ነው፤ የሚዘነጋውም እሱ ነው። ጣቢያው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ይህ በቀን 1,400 ኪሎ ግራም ሚቴን ማለት ይሆናል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ስለሚያሞቅ፣ ሁሉም ወደ አየር ቢወጣ ከ39 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። ከኤሌክትሪክ ቁጠባው የሚገኘውን የአየር ንብረት ጥቅም ሳይቀነስ መዘገብ፣ ይህን ወጪ ሳያሰሉ ትርፍ እንደ መቁጠር ነው።

ማንጠባጠቢያው ችግሩን ሊያባብስም ሊያቃልልም ይችላል። ውኃው ሲረጭና ሲወርድ ጋዙ ይለቀቃል፤ በድንጋዩ ወይም በፕላስቲኩ ላይ የሚያድጉ ሚቴን-በል ባክቴሪያዎች ደግሞ ከፊሉን ይበላሉ። የትኛው እንደሚያመዝን በንድፉ፣ በተለይም በአየር ዝውውሩ ላይ የተመሠረተ ነው። በጃፓን የተፈለሰፈውና በሕንድ ካርናል ከዩኤኤስቢ ኋላ የተሞከረው ተንጠልጣይ ስፖንጅ ማጣሪያ ለዚህ ምቹ መነሻ ነው፤ የላይኛው ክፍሉ ተዘግቶ ጋዙ ሲሰበሰብ ከሟሟው ሚቴን ብዙውን መልሶ መያዝ እንደሚቻል ሙከራዎች አሳይተዋል።

ለማስተርስ ጥናት የሚመች ጥያቄ ከዚህ ይወጣል። ናሙና ከማብላያው መውጫና ከማንጠባጠቢያው ሥር በታሸገ ጠርሙስ ተወስዶ፣ በጠርሙሱ ባዶ ክፍል የሚሰበሰበው ጋዝ በጋዝ ክሮማቶግራፍ ይለካል። ልኬቱ በበጋ ብቻ ከተወሰነ ግን ያሳስታል። የፍሳሹ የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት በሊትር 500 ሚሊ ግራም ሆኖ ሁለት ሦስተኛው ቢወገድ፣ ሟሙቶ የሚወጣው ከሚመረተው ሚቴን ቢያንስ ከመቶ 17 ያህሉ ነው። የክረምት ዝናብ ወደ መስመሩ ገብቶ ፍሳሹን በግማሽ ሲያቀጥነው በእያንዳንዱ ሊትር የሚሟሟው እምብዛም አይቀንስም፤ ድርሻው ወደ አንድ ሦስተኛ ያድጋል።