የማከፋፈያ ትራንስፎርመር ከመጠን ያለፈ ጭነት፦ የሙቀት፣ የጊዜና የፌዝ ሚዛን ጉዳይ

መግቢያ

የማከፋፈያ ትራንስፎርመር በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት መስመር የሚመጣውን ኃይል ወደ 400 ቮልት ዝቅ አድርጎ ለመኖሪያ ቤቶች፣ ለወፍጮ ቤቶችና ለአነስተኛ ወርክሾፖች ያደርሳል። አንዱ ሲቃጠል ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል፤ ምትክ እስኪመጣም ሥራ ይቆማል። ከመጠን ያለፈ ጭነት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው አጠቃላይ ጭነቱ በትራንስፎርመሩ ላይ ከተጻፈው አቅም በልጧል ወይስ አልበለጠም የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም። ሙቀቱ የት ደረሰ? ለምን ያህል ጊዜ ቆየ? ጭነቱስ በየትኛው ፌዝ ላይ አረፈ? የሚሉትም አብረው ሊታዩ ይገባል።

ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ

በትራንስፎርመሩ የሽቦ ጥቅል ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነው ኃይል ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። በመሆኑም ጭነቱ በ20 በመቶ ሲጨምር የጥቅሉ ብክነት በ44 በመቶ ያድጋል። ሙቀቱ ከጥቅሉ ወደ ዘይቱ፣ ከዘይቱም በጋኑ ግድግዳ በኩል ወደ አየር ይወጣል። ጥቅሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሞቅ ዘይቱ ለመሞቅ ሰዓታት ይፈጅበታል። መጠነኛና አጭር የጭነት ጭማሪ በቀላሉ የሚታለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀድሞ የሚጎዳው ሽቦው ሳይሆን ሽቦውን የሸፈነው ወረቀት ነው። ወረቀቱ በሙቀት፣ በእርጥበትና በኦክስጅን ምክንያት ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል። ዘይት ሊጣራ ወይም ሊቀየር ይችላል፤ የወረቀቱ ጥንካሬ ግን አንዴ ከጠፋ አይመለስም። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ 60076-7 መሠረት፣ ለተራ ክራፍት ወረቀት መደበኛው የእርጅና ፍጥነት የሚለካው የጥቅሉ እጅግ የሞቀ ነጥብ 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ በየ6 ዲግሪው ፍጥነቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ ከዚያ በታች ደግሞ በየ6 ዲግሪው በግማሽ ይቀንሳል።

ለምሳሌ ይህ ነጥብ በምሽት ለ3 ሰዓት 110 ዲግሪ ቢደርስና በቀሪው 21 ሰዓት 86 ዲግሪ ላይ ቢቆይ፣ ወረቀቱ በቀን የሚያረጀው የ17 ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ትራንስፎርመሩ በምሽት ቢጨነቅም ዕድሜው አላጠረም ማለት ነው። የምሽቱ ሙቀት 116 ዲግሪ ቢሆን ግን 3ቱ ሰዓት ብቻ የ24 ሰዓት ዕድሜ ይበላሉ። በሁለቱ ምሽቶች መካከል ያለው ልዩነት 6 ዲግሪ ብቻ ነው።

የፌዞች አለመመጣጠን

አንድ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በ400 ቮልት በኩል በእያንዳንዱ ፌዝ 289 አምፔር ያህል መሸከም ይችላል። ሦስቱ ፌዞች 380፣ 270 እና 210 አምፔር ቢጭኑ አማካዩ 287 ስለሚሆን ትራንስፎርመሩ በአቅሙ ልክ የሚሠራ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ፌዝ ከአቅሙ በ31 በመቶ በልጧል፤ የጥቅሉም ብክነት ከመደበኛው 1.73 እጥፍ ሆኗል። የፌዞቹ ፓወር ፋክተር እኩል ከሆነ በኒውትራሉ ላይም 149 አምፔር ያህል ያልፋል። በመኖሪያ ሰፈር እንዲህ ያለ አለመመጣጠን በቀላሉ ይፈጠራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከፍተኛ ኃይል የሚወስድ የአንድ ፌዝ ዕቃ ነውና፣ ብዙ ቤቶች ከአንድ ፌዝ ተቀጥለው በተመሳሳይ ሰዓት እንጀራ ሲጋግሩ ያ ፌዝ ብቻውን ይጫናል።

የአካባቢው ተጽዕኖ

በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሚሆን ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ዘይታቸው በተፈጥሯዊ የአየር ዝውውር ለሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመሮች፣ ከ1000 ሜትር በላይ ባለው በየ400 ሜትሩ የሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ በ1 ዲግሪ ዝቅ ይላል። 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ይህ 3.5 ዲግሪ ይሆናል። በአዲስ አበባ ቀዝቃዛው አየር ጉድለቱን ያካክሳል፤ እንደ ጋምቤላና ሰመራ ባሉ ሞቃት ቆላማ ቦታዎች ደግሞ አየሩ ራሱ የጭነቱን አቅም ያጠባል።

የአያያዝ ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ሥራ ጭነቱ በሚበዛበት ሰዓት የእያንዳንዱን ፌዝና የኒውትራሉን ከረንት በክላምፕ ሜትር መለካት ነው። ሁለተኛው ደንበኞችን ከተጫነው ፌዝ ወደ ቀለለው ማዛወር ሲሆን፣ አዲስ ትራንስፎርመር ስለማይጠይቅ ወጪው አነስተኛ ነው። ከተመጣጠነ በኋላም ጭነቱ ከበዛ ከፊሉን ወደ ጎረቤት ትራንስፎርመር ማሻገር ወይም ተጨማሪ መትከል ተገቢ ይሆናል። የዘይቱን መጠንና ሙቀት እንዲሁም ፍሳሽ መኖሩን በየጊዜው ማየትም ያስፈልጋል። የተቃጠለን ፊውዝ በወፍራም ሽቦ መተካት ግን ጭነቱን ሳይቀንስ መከላከያውን ብቻ ያስወግዳል።

ማጠቃለያ

አጠቃላይ ጭነትን ብቻ የሚመለከት ቁጥጥር ሁለት ስህተት ይፈጥራል፤ ለአጭር ጊዜ የተጨነቀውን ጤነኛ ትራንስፎርመር ያለ አግባብ ያስለውጣል፣ በአንድ ፌዝ በኩል በዝምታ የሚያረጀውን ደግሞ ያልፋል። የእያንዳንዱን ፌዝ ከረንት፣ ሙቀቱንና የቆይታ ጊዜውን መመዝገብ ሁለቱንም ያስቀራል።